ፋይሉ አልጠፋም፣ ፊደሉ ነው የጠፋው

ለዚህ ዕትም ስለ ፊቸር አጻጻፍ አንድ ነገር ልሞነጫጭር አስቤ ነበር። ነገር ግን አንድ አሮጌ ሲዲ ሐሳቤን አስቀየረኝና ስለ ኮምፒውተር ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። አትደንግጡ፤ እኔም እንደናንተ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የገባኝን ያህል ብቻ ነው የማስረዳችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአሳይመንት የሰፈራችንን እድር ታሪክ ልጽፍ ፈለግሁና የእድሩን ጸሐፊ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ በ1995 ዓ.ም. መሥራቾቹ በሕይወት እያሉ ሁሉንም አስጽፈነዋል። ወረቀቱን ዝናብ አበላሸብን እንጂ ሲዲው አለ" ብለው ከመዝገብ መሀል አውጥተው ሰጡኝ። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ወደ ፍላሽ ገልብጬ ዶርም ወሰድኩት። ስከፍተው ከ30 ገጽ በላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብ የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት ብቻ! "በቃ ተበላሽቷል" ብዬ ልዘጋው ስል የዶርም ጓደኛዬ ካልጋው ብድግ አለና "አትንካው! ሴቭ ላድርግ ወይ ቢልህ እምቢ በል" አለኝ።

ይህ ጓደኛዬ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ግቢ ውስጥ ብዙ የሚያጠናን ሰው "ቀለሜ" እንላለን፤ እሱ ግን ቀለሜ አይደለም። ቀለሜ የሚያጠናው ለፈተና ነው። ይሄኛው ማንም ሳያዘው አንድ ፕሮግራም ለምን እምቢ እንዳለ ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያድራል፤ በማግስቱ ፈተና እንዳለ ግን ይረሳል። ፈረንጆቹ "ጊክ" የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አለው። ጥቁር ስክሪን ከነጩ ይሻላል ይላል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር መጠቀም የጎረቤትን ቁልፍ አስቀርጾ ቤቱ እንደመግባት ነው ይላል፤ ስለዚህ እሱ በነጻ የሚታደለውን ሊኑክስን ነው የሚጠቀመው። "አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ፋይል እንደሌለ ቁጠረው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ "እሺ" እያልኩ አልፈዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ጆሮዬን ሰጠሁት።

"ጋዜጠኛው፣ ኮምፒውተር'ኮ ፊደል አያውቅም" ብሎ ጀመረ። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ፊደል ስንጽፍ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ስናነብ ደግሞ ለዚያ ቁጥር የተሳለውን ምስል ከፎንት ውስጥ አውጥቶ ያሳየናል። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው የሰዎች ስምምነት ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 "አስኪ" የተባለውን ስምምነት ሲያወጡ 128 ቦታ ነበረው። በዚህ ስምምነት 65 ቁጥር ካፒታል "ኤ" ነው። በኋላ ቦታው በእጥፍ አድጎ 256 ቢሆንም የተጨመረው ቦታ በአብዛኛው ለአውሮፓ ፊደላት ዋለ።

የኛን ፊደል እስቲ እንቁጠረው። 33ቱን በ7 ስናባዛ 231 ይመጣል። እነ ሏ፣ ቧና ኳን፣ እነ ፩ና ፪ን፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝን ስንጨምርበት፣ ኮምፒውተሩ ለራሱ ትእዛዝ የሚፈልጋቸውን ቦታዎች ቀንሰን በ256 ውስጥ አይገባልንም። ችግሩ ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ ያጋጠማቸው ይኸው ነው፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት።

ታዲያ የቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ምን አደረጉ? በ65 ቁጥር ላይ ያለውን የ"ኤ" ምስል አነሡና በቦታው የኛን ፊደል ሳሉበት። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ እኛ የምናየው ግን አማርኛ ነው። በስኳር ጣሳ ውስጥ በርበሬ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። የቤቱ ሰው ስለሚያውቅ ችግር የለም፤ እንግዳ የመጣ ቀን ግን ቡናው ውስጥ ይጨምረዋል። ቦታው አልበቃ ሲላቸው ደግሞ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት። ስለዚህ ያው አንድ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ይሆናል። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው። ይህን ስል ሠሪዎቹን መውቀሴ አይደለም። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮውና በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አማርኛን በኮምፒውተር ያስጻፉን ባለውለታዎቻችን ናቸው። በጊዜው የጋራ ስምምነት ስላልነበረ እያንዳንዱ የራሱን ዘዴ ፈጠረ።

የጋራው ስምምነት የመጣው በዩኒኮድ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ለማስፈር የተነሣው ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ የኛን ፊደል አስገባ። ከዚያ ወዲህ "ሀ" 4608፣ "ለ" 4616 ቁጥር ነው። "ሰላም" ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው 4656፣ 4619፣ 4637 ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ሌላ ማንም አይወስዳቸውም። የሰባት ቤት ጉራጌ ተጨማሪ ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ2005 ገብተዋል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 "ኒያላ" የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ሳይጭኑ አማርኛ ማንበብ ለብዙ ሰው ቀለለ። ዛሬ አዲስ አበባ የተጻፈ ጽሑፍ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን በሰው ስልክ ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። አማርኛን በስልክ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል የመጻፍ ልማዳችን ከስንፍና ብቻ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን ሒሳቡን አሳየኝ። አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይገባበታል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ሆኖም አማርኛ በአንድ ፊደል ሁለት ድምፅ ስለሚጽፍ ኪሳራው የሚመስለንን ያህል አይደለም።

ወደ ሲዲው ልመለስ። አንድ ሰው በየዋህነት ይመስለኛል፣ የእድሩን ፋይል ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ ነበር ያስቀመጠው። በዚህም ምክንያት የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ምልክት ጠፍቷል። ጓደኛዬ አሮጌውን ፎንት ፈልጎ ጫነና የየፊደሉን አሮጌና አዲስ ቁጥር በሰንጠረዥ አሰፈረ። ከዚያ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጽፎ አሮጌውን ቁጥር በዩኒኮድ ቁጥር አስለወጠ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ሲወጣ እኔ ጮህኩ፤ ሌሎቹ የዶርም ልጆች ደግሞ በኔ ላይ ጮሁብኝ።

ደስታችን ግን ሙሉ አልነበረም። "ለ" እና "ሰ" በሁለቱ ፎንቶች አንድ ቁጥር ተጋርተው ተገኙ። በተራ ቃል ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ "ለብዙ ሰው" የሚለውን "ሰብዙ ለው" ብሎ የሚያነብ የለም። ስም ላይ ግን ዐውድ አይረዳም። ከመሥራቾቹ የአንዱ ስም "ታደለ" ይሁን "ታደሰ" ማወቅ አልቻልንም። ጓደኛዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ "ከዚህ በኋላ ያለው ያንተ ሥራ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። በማግስቱ ከመሥራቾቹ መካከል በሕይወት ያሉ አንዲት እናት ቤት ሄድኩና ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። ግራ ያጋባንን ስም ስጠራ "ታደለ ነው እንጂ! ታደሰማ ወንድሙ ነው፤ እሱ እድር አልገባም" አሉኝ። እንዲህ እያልን የ11 ሰዎችን ስም አቃናን። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እድሩን ያልመሠረተ ሰው መሥራች አድርጌ እጽፍ ነበር። ስም ማሳሳት ደግሞ በኛ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ መምህራኖቻችን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ነግረውናል።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ስትጽፉ በዩኒኮድ ጻፉ። የጻፋችሁትን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ እዚያም ካልተነበበ ፎንቱ የድሮው መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለተኛ፣ አሮጌ ፋይል ሲበላሽባችሁ አትጣሉት፣ በላዩ ላይም ሴቭ አታድርጉ፤ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሞክሩ። ሦስተኛ፣ የሰው ስም በፋይላችሁ ውስጥ ሁሌ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ። ለኛ "ኃይሉ" እና "ሀይሉ" አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን ላያመጣላችሁ ይችላል። አራተኛ፣ ለዲፓርትመንታችን መምህራንና ሠራተኞች፦ በመሳቢያችሁ ውስጥ ያሉ ሲዲዎችና ፍሎፒዎች ካሉ የሚያነብላቸው ማሽን ሳይጠፋ፣ በተለይ ደግሞ የጻፏቸው ሰዎች ሳሉ ይገልበጡ። ጓደኛዬ ፕሮግራሙን በነጻ ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው። እኔ ደግሞ ስም እያነበብኩ በየቤቱ ለመዞር ዝግጁ ነኝ።

የእድሩን ታሪክ አትሜ ለጸሐፊው ሦስት ቅጂ ሰጠኋቸው። "ሦስት ለምን?" ሲሉኝ "አንድ ኮፒ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው" አልኳቸው። ለካ የጊክ ንግግር ይጋባል! ቸር ይግጠመን።