ቅይጥ ትምህርት በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ

ቅይጥ ትምህርት ማለት የገጽ ለገጹን ትምህርት ከምስል፣ ከድምፅ ወይም ከጽሑፍ ጋር ማጣመር ነው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዋና ጥቅሙ ገለጻን ከሜዳ ማውጣት ነው።

የዱላ ቅብብልን እንውሰድ። መምህሩ ከ40 ደቂቃው እኩሌታውን በማብራራት ቢያሳልፍ ተማሪው ቆሞ ይቀራል። በ4 በ100 ሜትር ውድድር የመቀባበያው ክልል 30 ሜትር መሆኑን፣ ዱላውም በዚያው ክልል ውስጥ መተላለፍ እንዳለበት ተማሪው አስቀድሞ ተረድቶ ቢመጣ ግን ጊዜው ለሩጫ ይተርፋል።

ስልክ የሌለው ተማሪ ወደ ኋላ እንዳይቀር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይቅደም፤ ምስሉ ተጨማሪ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ምስል መመልከት ከቶ እንደ እንቅስቃሴ ሊቆጠር አይገባም። በቤት ልምምድ የሚሰጥ ከሆነም ተማሪው እንደ ሮጠ የልብ ምቱን ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ፣ በ4 አባዝቶ በደብተሩ ይመዝግብ።