ቢላዋውን በምን እንሳለው?

በበዓል ዋዜማ ቢላዋ የሚያስል የሲግናል ነዋሪ ከኤሌክትሪክ ግራይንደርና በውሃ ከራሰ መሳያ ድንጋይ አንዱን ይመርጣል። የግራይንደሩ የእሳት ፍንጣሪ ለዓይን ቢያምርም የከፍተኛ ሙቀት ምልክት ነው። የቢላዋ ብረት የጠነከረው እስኪቀላ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ የካርቦን አቶሞች በውስጡ ታፍነው በመቅረታቸው ነው። ቀጭኑ የስለት ጫፍ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ሰማያዊ ይሆናል፤ አቶሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብረቱም ይለዝባል። እንዲህ ያለው ቢላዋ በጉ ተገፎ ሳያልቅ ይደነዝዛል፤ የለዘበው ክፍል ተፍቆ ካላለቀ በቀር ዳግም ቢሳልም ስለቱ አይበረክትም።

በድንጋዩ ላይ ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል። በቅድሚያ በሻካራው፣ ቀጥሎም በለስላሳው ገጽ፣ ቢላዋውን ወደ 20 ዲግሪ አጋድሞ መሳል ነው፤ ክንድን ማድከሙ አይካድም። ስለቱ የተሸረፈ እንደሆነ ግራይንደሩን አንነቅፍም፤ ብቻ ብረቱ ሳይግል ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይነከር።