ማስታገሻውና ስቴም ሴሉ፦ ተረትና እውነታ

ከሕንፃ ላይ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ ይሻል፦ ሕመሙ እንዲበርድለትና እግሩ እንዲታዘዝለት። ለሕመሙ ሞርፊን፣ ትራማዶልና ሌሎች ኦፒዮይዶች ይታዘዙለታል፤ ለእግሩ ደግሞ ተስፋውን ስቴም ሴል (ወደ ሌሎች ሕዋሳት መለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ) ላይ ይጥላል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚነገረው ብዙ ነው፤ ስሕተቱ ግን ሕመምተኛውን ዋጋ ያስከፍለዋል።

ተረት 1፦ ማስታገሻ ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ቁስሉን አይነካም።

እውነታ፦ ሊነካ ይችላል። ኦፒዮይድ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በነርቮች ብቻ ሳይሆን በመከላከያ ሕዋሳትም ላይ አሉ። በአሜሪካው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሚሼል ሁክና ባልደረቦቻቸው ኅብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ አይጦች ጉዳቱ ትኩስ ሳለ ሞርፊን ሰጡ። ሕመሙ ለጊዜው ጋብ አለ፤ የአይጦቹ እግር ግን ሞርፊን ካልወሰዱት ያነሰ አገገመ፣ ቁስሉም ሰፋ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ሞርፊን ማይክሮግሊያ የተባሉትን የነርቭ ጠባቂ ሕዋሳት ማስቆጣቱ ነው።

ተረት 2፦ ስለዚህ ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው ስቴም ሴል አይሠራለትም።

እውነታ፦ ይህን የሚያስደመድም የሰው ጥናት የለም። ሥጋቱ ግን ከባዶ አልተነሣም። ከመቅኒ ወይም ከስብ የሚወሰዱት ስቴም ሴሎች ይረዳሉ ተብሎ የሚታሰበው በአብዛኛው አዲስ ነርቭ ሆነው ሳይሆን መቆጣትን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች እየለቀቁ ነው። ስቴም ሴሉ የሚያበርደውን መቆጣት ኦፒዮይዱ ከቀሰቀሰ ሥራቸው ይጋጫል። ይህን በሰው ላይ ለመለየት ደግሞ ሙከራዎቹ ገና ትንሽ ናቸው፦ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የመጀመሪያ ሙከራ 10፣ የጃፓኑ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ 4 ሰዎችን ብቻ ያካተቱ ነበሩ።

ተረት 3፦ ለስቴም ሴል ሲዘጋጁ ማስታገሻውን በአንድ ጊዜ ማቆም ይበጃል።

እውነታ፦ አደገኛ ምክር ነው። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ኦፒዮይድ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል። ያልታከመ ሕመምም ንጹሕ አይደለም። የአይጥ ሙከራዎች እንዳሳዩት ከጉዳት በኋላ የሚደርስ ብርቱ ሕመም ራሱ ማገገምን ያዘገያል። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት በላይ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለ ሕመም የደም ግፊትን በድንገት ሊያንር ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው። ከነርቭ ለሚነሣው የማቃጠልና የመውጋት ስሜት ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታዘዙት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ናቸው፤ እነዚህ ኦፒዮይድ አይደሉም።

ተረት 4፦ ስቴም ሴል የተረጋገጠ ፈውስ ነው፤ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ጃፓን በ2018 እ.ኤ.አ. ከሕመምተኛው መቅኒ ለሚዘጋጅ ሕክምና ፈቃድ ሰጥታለች፤ ፈቃዱ ግን በቅድመ ሁኔታና በጊዜ የተገደበ ነበር። በሌላ በኩል፣ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ሕዋስ ፖርቱጋል ውስጥ ወደ ኅብለ ሰረሰሯ የተተከለላት አንዲት ሴት ከስምንት ዓመት በኋላ እዚያው ዕጢ መሰል እብጠት ወጥቶባታል። ቤት ሸጦ ከመብረር በፊት፣ የሚሰጠው ሕክምና በተቆጣጣሪ አካል የተፈቀደ ሙከራ መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው።

ሕመምተኛው የሚወስደውን ማስታገሻ ስሙን፣ መጠኑንና የጀመረበትን ቀን ጽፎ ይያዝ፤ የሚተክልለትም ሐኪም ይወቀው። «ሱሰኛ ይሉኛል» ብሎ መሸሸግ አይገባም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።