ኬሚካልን ለመፍቀድም ሆነ ለመከልከል መርዛማነቱን ማወቅ ብቻውን በቂ አይደለም

እ.ኤ.አ በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ማላታዮን የተባለውን ፀረ-ተባይ በሰው ላይ ካንሰር የማስከተል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ተብለው ከሚታሰቡ ኬሚካሎች ጎራ መደበው። በቀጣዩ ዓመት በ2016 ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የሚያካሂዱት የፀረ-ተባይ ቅሪት ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ይኸው ማላታዮን በምግብ አማካይነት በሰው ላይ የካንሰር ስጋት ይደቅናል ተብሎ እንደማይገመት አስታወቀ። የካንሰር ኤጀንሲው ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት አካል በመሆኑ፣ ሁለቱ መግለጫዎች በበርካታ አገሮች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ግራ መጋባትን ፈጥረው እንደነበር ይታወሳል። ማላታዮን በኢትዮጵያም ለእህል ተባይና ለበረሃ አንበጣ መከላከያ ሲውል የቆየ ምርት ነው። የማስመጫ ፈቃድ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ የቀረበለት ኃላፊ የትኛውን መግለጫ ይቀበል?

መልሱ ሁለቱንም መቀበል ነው። ሁለቱ አካላት የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነበርና። የመጀመሪያው የመረመረው ኬሚካሉ በየትኛውም መጠንና ሁኔታ ካንሰር የማስከተል አቅም አለው ወይ የሚለውን ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች በዕለት ምግባቸው ውስጥ በሚያገኙት መጠን ይጎዳሉ ወይ የሚለውን ነው። የመጀመሪያው አደገኛነትን፣ ሁለተኛው ስጋትን ይመለከታል። በኬሚካል ቁጥጥር ሥራ ውስጥ ከሚፈጠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ አድርጎ ከማየት የሚመነጩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልዩነቱ ለኅብረተሰባችን እንግዳ አይደለም። ኮሶ የሚያጠጡ አዋቂዎች መጠኑን እንደ ጠጪው አቅም ይመጥኑ እንደነበርና መጠኑ ሲያልፍ መድኃኒቱ ራሱ ለከፋ ጉዳት እንደሚዳርግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የመርዝ ጥናት ወይም ቶክሲኮሎጂ የሚባለው ሳይንስም መሠረቱ ይኸው ሲሆን፣ አንድ ንጥረ ነገር መርዝ የሚሆነው በምን ያህል መጠን ነው የሚለውን በቤተ ሙከራ ይመረምራል።

የስጋት ግምገማ አሠራር በአሁኑ መልኩ የተደራጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1983 ባወጣው ሰነድ ሲሆን፣ አራት ደረጃዎች አሉት። እነርሱም አደገኛነትን መለየት፣ በመጠንና በጉዳት መካከል ያለውን ግንኙነት ማወቅ፣ ተጋላጭነትን መለካትና በመጨረሻም እነዚህን አጣምሮ ስጋቱን መግለጽ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ አገር ተሠርተው በሌላው አገር ሊያገለግሉ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን አይችልም።

ጉዳዩን በአኃዝ ማየቱ ይጠቅማል። በማላታዮን ላይ ለሁለት ዓመት በአይጦች ላይ በተካሄደ ጥናት ጉዳት ያልታየበት መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 29 ሚሊ ግራም በቀን ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ከአይጥ ይበልጥ በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል በሚል ይህ መጠን ለአሥር፣ ከሰዎችም መካከል ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ በሚል እንደገና ለአሥር ይካፈላል። ውጤቱ በኪሎ ግራም 0.3 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህም አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት አያደርስበትም ተብሎ የሚገመተው የዕለት መጠን ነው። ስድሳ ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ 18 ሚሊ ግራም፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ደግሞ 3.6 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የአይጡም ሆነ የሰው አካል አሠራር በአዲስ አበባም በጄኔቫም ያው በመሆኑ ጥናቱን እዚህ እንደገና ማካሄድ አያስፈልግም፤ ወጪውም ቢሆን ለአንድ ምርት እንኳ እጅግ ከፍተኛ ነው።

አንድ ዜጋ በቀን ምን ያህል እንደሚደርሰው ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓን የአመጋገብ ሠንጠረዥ መሠረት ያደረገ ስሌት ጤፍን ከቁጥር አያስገባም። በእኛ አገር ግን በርካታ ቤተሰቦች በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እንጀራ ይመገባሉ፤ ሕፃን ልጅም ከክብደቱ አንጻር ሲሰላ ከአዋቂ የበለጠ ይበላል። በመሆኑም ከውጭ የመጣ የቅሪት ወሰን በአገር ውስጥ ፍጆታ ሳይመዘን እንዳለ ቢገለበጥ ቁጥሩ የእኛን ማዕድ ላይገልጽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ረጪው ነው። የ2016ቱን መግለጫ ልብ ብሎ ላነበበ፣ ስጋት አይገመትም የተባለው «በምግብ አማካይነት» ብቻ ነው። የካንሰር ኤጀንሲው በሰዎች ላይ ያገኘው ውስን ማስረጃ ደግሞ በዋነኛነት ከእርሻ ሥራ ጋር በተያያዘ ተጋላጭነት ላይ ያተኮረ ነበር። ከሁለቱ መግለጫዎች መካከል ወድቆ የቀረው፣ በጀርባው መርጫ አዝሎ በማሳው ውስጥ የሚመላለሰው ገበሬ መሆኑ ነው።

አምራች ኩባንያዎች ለምዝገባ የሚያቀርቡት ሰነድ ስለ ረጪው ስሌት አይጎድለውም። ይሁንና ስሌቱ ብዙውን ጊዜ ጓንት፣ ሙሉ የሥራ ልብስና ቦት ጫማ የለበሰን ሰው ታሳቢ ያደርጋል። በአውሮፓ በሚሠራበት የስሌት ዘዴ ጓንት ፈሳሽ ፀረ-ተባይ በእጅ ላይ የሚያርፍበትን መጠን ወደ አሥር በመቶ እንደሚያወርደው ይታሰባል። ጓንቱ ሲቀር የእጅ ተጋላጭነት በአሥር እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ምርቱ ከመጀመሪያው በተፈቀደው ወሰን ጫፍ ላይ የነበረ ከሆነ፣ ለጥንቃቄ ተብሎ የተተወው ህዳግ አብዛኛው በዚሁ ይበላል። በስምጥ ሸለቆ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ባሉ የአትክልት አምራቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በርካታ አነስተኛ ገበሬዎች የሚረጩት ያለ መከላከያ ልብስ ነው። በዚያ ሙቀት የፕላስቲክ ልብስ ለብሶ መዋል እንኳንስ ለገበሬው ለተቆጣጣሪውም የሚቻል አይመስልም።

ይህንኑ በመገንዘብ ነው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የፀረ-ተባይ አያያዝ የሥነ ምግባር ደንብ ምቾት የማይሰጥ፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ የሚጠይቁ ፀረ-ተባዮች፣ በተለይ በሞቃት አገሮች ለሚገኙ አነስተኛ ተጠቃሚዎች እንዲቀርቡ የማይመክረው። መለያ ወረቀቱ ላይ «ጓንት ይልበሱ» ተብሎ መጻፉ የአምራቹን ኃላፊነት ያቀል ይሆናል እንጂ የስጋት ግምገማውን ውጤት አይለውጥም።

ተጋላጭነት ባልታሰበ መንገድም ይመጣል። እ.ኤ.አ በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት መገኘቱን በማስታወቋ ወደዚያች አገር የሚላከው ቡና በእጅጉ አሽቆልቁሎ ነበር። በወቅቱ ለብክለቱ ምንጭነት የተጠቀሰው የገበሬው ማሳ ሳይሆን ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነው። ማሳውን ብቻ የተመለከተ ግምገማ ጆንያውን አያየውም፤ ባዶ የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦ ለውሃ መቅጃ ሲውልም እንዲሁ።

በሌላ በኩል ኬሚካሉ አንድ ሆኖ ውሳኔው ሁለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል ሲከለክል፣ የወባ ትንኝን ለመከላከል ግን በገደብ እንዲውል ፈቅዷል። ይህ አሠራር የሚሠራው ለቤት ውስጥ ርጭት የመጣው ዲዲቲ ወደ ማሳ እንዳይወጣ መቆጣጠር ሲቻል ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው።

የራስን አገር መረጃ መሰብሰብ ምን ያህል ውጤት እንደሚያስገኝ ስሪላንካ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚያች አገር በፀረ-ተባይ ራስን የማጥፋት አደጋ እጅግ ተስፋፍቶ በመቆየቱ፣ የምዝገባው መሥሪያ ቤት የሆስፒታል መዛግብትን በማየት ሞት የሚያስከትሉትን ምርቶች ለይቶ በየደረጃው ከገበያ አስወጣቸው። እ.ኤ.አ ከ1995 በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት በአገሪቱ ራስን በማጥፋት የሚከሰተው የሞት መጠን በ70 በመቶ ገደማ የቀነሰ ሲሆን፣ ጥናቶች እርምጃው የሩዝ ምርትን እንዳልጎዳም አመልክተዋል። እነዚህ ምርቶች በሌላ አገር፣ በተቆለፈ መጋዘንና በሠለጠነ ሠራተኛ እጅ፣ ተቀባይነት ያለው ስጋት ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሳም። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ-ተባይ ከመመዝገቡ በፊት እንዲገመገም መሠረት የጣለ ሲሆን፣ ከሆላንድ ባለሙያዎች ጋር በተካሄደ የስጋት ቅነሳ ፕሮግራም የአገሪቱን ዝናብ፣ አፈርና የውሃ አካላት ታሳቢ ያደረገ የስሌት ሶፍትዌር ተዘጋጅቷል። ሰውና ከብት በጋራ ከሚጠጡባቸው ትንንሽ ጅረቶችና የዝናብ ውሃ ኩሬዎች የተነሳ ስሌት በመሆኑ በሌላ አገር መሣሪያ የሚተካ አይደለም። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሄደው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ጥናትም ሕፃናትና እናቶች ምን እንደሚመገቡ የሚያሳይ መነሻ ነው።

ቀሪው ሥራ በአመዛኙ ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች በመመረዝ ለመጣ ሕመምተኛ የምርቱን ስም ከመለያ ወረቀቱ ላይ ገልብጠው ቢመዘግቡ፣ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት የገባውን መጠን በንጥረ ነገሩ ስም ለይቶ ቢይዝ፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያም ገበሬው ምን ለብሶ፣ በሄክታር ስንት ሊትር፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚረጭ ጠይቆ ቢጽፍ፣ የምዝገባ ኮሚቴው አምራቹ ባቀረበው የተጋላጭነት ስሌት ምትክ የሚያስቀምጠው የራሱ ቁጥር ይኖረዋል።