የአማቲቱ በርጩማና የውጭው ጠረጴዛ

የቦንጋዋ እህታችን ያወያየችኝን ላጫውታችሁ። ትዳር ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። ዕቁብ ሲደርሳት ገንዘቡን ሁሉ አውጥታ ከውጭ የመጣ ባለ 6 ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ገዛች። ክፍሉ ጠባብ፣ ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይለያት አገር! ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራው ጠረጴዛ ዓመት ሳይሞላው እግሩ አብጦ ተላጠ። አማቷ ደግሞ ወንበሩ ከፍ ስላለባቸው ቡናቸውን ጓዳ፣ በርጩማ ላይ ሆነው ነው የሚጠጡት። ባል ሆዬ «እናቴን ከማዕድ አራቅሻት» ብሎ አኩርፏል።

ኧረ እህቴ! ፈረንጁ እኮ ዛሬ የገጠር ቤት አምሮት ይዞት ነጭ ግድግዳና ቀለም ያልነካው እንጨት ፍለጋ ላይ ነው። ላንቺ ከደጅሽ አለልሽ። ግድግዳውን ኖራ ቀቢው፣ ጨለማው ይገፈፋል። ከዋንዛ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አሠሪ። እንጨቱ ግን ከጥብቅ ደን የተቆረጠ እንዳይሆን ጠይቂ፤ የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው ነው።

አግዳሚው ከቀርከሃ ይሁን፤ የአድዮ ደጋ ቀርከሃ አለልሽ አይደል? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለጋ ቀርከሃ ነቀዝ ይወደዋል። 3 ዓመት ያለፈውን ምረጪ፤ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጥላ ሥር የሚያደርቅ ባለሙያም ፈልጊ።

ረከቦቱን መስኮቱ ሥር አድርጊው። አማትሽን ገበያ ይዘሻቸው ውጪ፣ በርጩማቸውን ራሳቸው ይምረጡ። ያበጠው ጠረጴዛ? ጓዳ ይግባና ድስት ይቀመጥበት።