ቀዝቃዛ የታጠነ ዓሣ ሰላጣ

በጢስ የታጠነ ዓሣ ሰላጣ ከዓሣ ዱለትና ከጉላሽ የሚለየው ከእሳት ከወረደ በኋላ ገና ብዙ ሥራ የሚቀረው በመሆኑ ነው። ዱለቱ እንደ ትኩስነቱ ይበላል። ሰላጣው ግን በስሎና ቀዝቅዞ ይለወሳል፣ ከዚያም እንደገና ቀዝቅዞ ይቀርባል።

ከሰበታ እስከ ተጂ ባለው የጅማ መንገድ ለሚኖር ሰው ዓሣ ሩቅ አይደለም። የዝዋይ፣ የላንጋኖና የቆቃ ምርት አዲስ አበባ ገበያ ይገባል። ሰበታም ራሷ የቆሮሶ፣ የአምባዛና የካርፕ ጫጩት የሚያባዛ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አላት። ለማጠን የሚመረጠው ስብ ያለው ዓሣ ነው፤ ጢሱን አጥብቆ የሚይዘው ስቡ ነውና። በዚህ በኩል አምባዛ ከቆሮሶ ይሻላል። ሆኖም ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው፤ እንግዳ የሚጠራ ባለሙያ ቆሮሶ ቢገዛ ይመረጣል። ቆሮሶ ስቡ ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ከሚገባው በላይ እሳቱ ላይ አይቆይም።

አጥንቱ የወጣለት ሥጋ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 60 ግራም ያህል ጨው በሟሟበት ውስጥ ለ1 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ታጥቦ ይንጠፈጠፋል፤ ላዩ ሲነካ ጣት ላይ ያዝ እስኪያደርግ ድረስም ሳይከደን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። እርጥብ ዓሣ ላይ የሚያርፍ ጢስ መራራ ጣዕም ስለሚተው ይህ ደረጃ አይዘለልም።

ለጢሱ ወይራን የሚያህል የለም። የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት በየቤቱ ስለሚታወቅ መዓዛውም ለአፍ እንግዳ አይሆንም። ባህር ዛፍ በሰበታም በቡራዩም እንደ ልብ ቢገኝም ዘይቱ ዓሣውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ቀለም ወይም ሙጫ የነካው የአናጺ ቤት ቁራጭማ መርዝ ነው። ደረቅ የወይራ ስንጥር ወፍራም የብረት ድስት ሥር ይበተናል፣ ከላዩ ወንፊት ሽቦ ይቀመጣል፣ ዓሣው ተደርድሮ ድስቱ ይከደናል። ምድጃው ከሰል ከሆነ ሥራው ደጅ እንጂ ዝግ ማዕድ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። የዓሣው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ በዚያው ሙቀት 30 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነካ በቀላሉ መላላጡ የመብሰል ምልክት ቢሆንም፣ ቴርሞሜትር ያለው እሱን ይመን።

ጢስ ዓሣን ከብልሽት ይጠብቃል ብሎ ማመን ጎጂ ስህተት ነው። በቤት የሚሠራው አጭር እጥነት የሚሰጠው ጣዕም ብቻ ነው፤ የሚያቆየው ቅዝቃዜው ነው። ስለሆነም ዓሣው ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከ2 ሰዓት በላይም ውጭ አይቆይም። ሰላጣው ውስጥ የሚገባው የተቀቀለ ድንችም እንዲሁ ቀዝቅዞ ነው የሚቀላቀለው። በሰበታና በተጂ አካባቢ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ድንቹ ዘግይቶ ይበስላል፤ የቸኮለ ሰው ትኩሱን ከቀዝቃዛው ዓሣ ጋር ሲቀላቅለው መላው ሳህን ለብ ይላል፣ ለተሕዋስያንም ይመቻል።

ማለስለሻው ማዮኔዝ መሆን የለበትም። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ እንቁላል ስለማይነካ ሰናፍጭ ይበጀዋል፤ ከጢሱ ጋርም ይበልጥ የሚስማማው እርሱ ነው። የተፈጨው ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ የፈላ ውሃ ከነካው አይሰነፍጥም። ዘይት፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥቂት የእንስላል ቅጠል ጋር በተፈረፈረው ዓሣና በድንቹ ላይ ይለወሳል። ዓሣው ከጨው ውሃ ስለወጣ ሌላ ጨው የሚጨመረው ከተቀመሰ በኋላ ነው።

ሰላጣው ተከድኖ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ቢያንስ 1 ሰዓት ያርፋል፤ በ3 ቀን ውስጥም ይበላል። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈ ሰላጣ ይደፋል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥም ስለሚራባ ለነፍሰ ጡር የሚቀርበው ሰላጣ ዓሣው እስከ ውስጡ የበሰለና በዚያው ቀን የተሠራ መሆን አለበት።