ያበጠው የቱ ነው? የጣት ሕመም በአልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እርግዝናን ነው። መሣሪያው ጣት ላይ ሲያርፍ ግን ሐኪም ዳስሶ ብቻ የማይለየውን ያሳያል፤ ያበጠው መገጣጠሚያው ራሱ ነው ወይስ በላዩ የሚያልፈው ጅማት?

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳ ከሚመጡት ሕመሞች ብዙዎቹ እጅ ላይ ይወጣሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስም፣ ሉፐስም፣ ሶሪያሲስ ከተባለው የቆዳ በሽታ ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመምም ጣት ያሳብጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ያሰኛሉ። ታማሚው ሁሉንም «ቁርጥማት» ብሎ ያልፋቸዋል። የሚያደርሱት ጉዳት ግን ለየቅል ነው፤ ሕክምናቸውም እንዲሁ።

ለጣት የሚመረጠው ድግግሞሹ 15 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ ነው፤ ለሆድ ከሚውለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ድምፅ ጠልቆ አይገባም፤ ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ለጣት ደግሞ ጥልቀት ምን ያደርጋል? በዚህ ላይ ዶፕለር የተባለው ዘዴ የደም ፍሰትን በቀለም ያሳያል። በጤነኛ መገጣጠሚያ ሽፋን ውስጥ ቀለሙ እምብዛም አይታይም፤ ብግነት ሲኖር ይበረክታል። ሐኪሞች መጠኑን ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጡታል።

በሩማቶይድ አርትራይተስ ጊዜ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል፤ ውሎ አድሮ አጥንቱን ይበላዋል። የተበላውን ቦታ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ከራጅ ቀድሞ ያገኘዋል፤ በተለይ በአመልካችና በትንሿ ጣት ሥር።

የሉፐስ ነገር ይገርማል። ጣቶቹ ክፉኛ ተጣመው ሳለ፣ በእጅ ሲያቃኗቸው ይቃናሉ፤ አጥንቱ በአብዛኛው ደህና ነው፤ የላላው የመገጣጠሚያው ማሰሪያ ነው። ይህን ዓይነት መጣመም እ.ኤ.አ. በ1869 የገለጸው ዣኩ የተባለ ሐኪም ነው፤ ያየው ግን በሉፐስ ሳይሆን፣ እኛ አገር በልብ ጠንቅነቱ በሚታወቀው የሩማቲክ ትኩሳት ታማሚ ላይ ነበር። በሉፐስ እጅ ላይ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የጅማት ሽፋን ብግነት ነው። አንዳንዴ ግን «አጥንት አይነካም» የተባለለት ሉፐስ አጥንት በልቶ ይገኛል፤ ያኔ ሐኪሙ ሉፐስና ሩማቶይድ አብረው መኖራቸውን ይጠረጥራል። የሶሪያሲሱ ደግሞ ጅማት አጥንትን የሚይዝበትን ቦታና ሩማቶይድ ብዙ ጊዜ የማይነካውን ከጥፍር አጠገብ ያለውን መገጣጠሚያ ይወዳል።

ታዲያ ምስሉ ብቻውን በሽታውን አይሰይምም። የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ቆዳና ጥፍር መታየት አለበት፤ መመርመሪያውን የያዘው ሰው ችሎታም ይወስናል። በሕክምና ክትትልም ቢሆን ገደብ አለው፦ አርክቲክ የተባለው የኖርዌይ ጥናት ሕመሙ በቅርብ የጀመራቸውን የሩማቶይድ ታማሚዎች ለ2 ዓመት ተከታትሎ፣ ሕክምናን በየጊዜው በአልትራሳውንድ እየመሩ መስጠት ጥንቃቄ ከተሞላበት የሐኪም ክትትል የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። በእኔ ግምት የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም መጀመሪያ ላይ፣ ሕመሙ ገና ባልተለየበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የጣት እብጠትና ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ማለት ለሳምንታት ከቆየብዎ ማሽን ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አይዘግዩ፤ አንዴ የተበላ አጥንት በመድኃኒት ወደ ነበረበት አይመለስም።